ከማዶ የታየች ሀ

የኔታ አካለ ወልድ ከይጁቤ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ሃያ ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ዳዊትን በቃላቸው ይወጡታል፤ ንባባቸው እንደ ውሃ ነው። መጻፍ ግን አይችሉም። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስገርም ነገር አልነበረም፤ ማንበብ አንድ ሙያ፣ መጻፍ ሌላ ሙያ ነው። ጸሐፊ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፤ አስቆጣሪ ልጅ ያስጮሃል። «እስቲ ይጻፉ» ያላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ወታደሮች አርበኛ ፍለጋ መጥተው የደብሩን ዕቃ ቤት አቃጠሉ። የልጆቹ ፊደል ሁሉ እዚያ ነበር። የተረፈችው የኔታ ያን ቀን ቤታቸው የወሰዷት አንዲት ገበታ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ልጅ በአንዲት ገበታ ዙሪያ እንደ ማዕድ ከቦ «ሀ ሁ ሂ» ይል ጀመር።

ከልጆቹ ድምጿ የሚጎላው የስድስት ዓመቷ ማሬ ናት። ፊደሉን አንዲት ሳትስት ከላይ እስከ ታች ትወርደዋለች። የኔታም ይኮሩባት ነበር። አንድ ቀን ግን እናቷ ሽታዬ ማኅበር ደግሳ ሳለ፣ የመጡት ቄስ ማሬን አጠገባቸው አቁመው መጽሐፋቸውን ገልጠው «በስመ አብ» ከሚለው የመጀመሪያዋን ፊደል በጣታቸው ነኩና፣ «ይቺ ማን ናት፣ ማሬ?» አሏት።

«ሀ!» አለች ማሬ፣ እንደ ልማዷ ጮሃ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሌላም አሳዩዋት፤ ሳተች። ሽታዬ በማግስቱ ጠዋት ከየኔታ ዘንድ ደረሰች።

«የኔታ፣ ይህን ሁሉ ወር ምን ሲያስተምሩልኝ ከረሙ? በሰው ፊት አዋረደችኝ እኮ!»

«ታውቀዋለች፣ ሽታዬ። ደንግጣ ይሆናል።»

«ማሬ ትደነግጣለች? እሷ እንኳን ሰው ታስደነግጣለች! እስከ ፍልሰታ ፍቺ አያታለሁ። ካልሆነላት ጥጥ ታባዝትልኝ።»

የኔታ አሰቡ፣ አሰቡና ጥፋቱን በገበታዋ ማነስ ላይ ጣሉት። ለማሬ የራሷ ፊደል ቢኖራትስ? ግን ማን ይጽፍላታል? በጎረቤቱ ደብር ወልደ ሩፋኤል የሚባል ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ራሳቸው ናቸው። ፊደላቸው የተቃጠለባቸውን ሁለት አስቆጣሪዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጻፍ ያስተምራል ሲባል ሰምተው እሳቸውም ሄዱ።

«የኔታ፣ ብዕሩን እንደ አለንጋ አይጨብጡት» አላቸው ወልደ ሩፋኤል። «ማንንም አይገርፉበትም።»

«አንተን ነበር መግረፍ። ያኔ ማርኩህ።»

«ኧረ አልማሩኝም! ጆሮዬ ምስክር ነው።»

ሁለቱ አስቆጣሪዎች በሳቅ ወደቁ። የኔታም ሳቁ፤ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ። «ዓይኔ ያውቀዋል፣ አፌ ያውቀዋል፤ እጄ ገና ሊቆጥር ነው» ይሉ ነበር። ወረቀት ይዞ መገኘት የአርበኛ መልእክተኛ ስለሚያሰኝ፣ የሞነጫጨሩትን እዚያው አቃጥለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

በሦስተኛው እሑድ ወልደ ሩፋኤል ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ መቃ ሲቀርጽ፣ ቀና አለና የጻፉትን አየ።

«ሀ ይጻፉ አልኩ እንጂ በ መቼ አልኩ?»

«ሀ ነው የጻፍኩት።»

«ይቺ? የተደፋች ዋንጫ መስላ?»

«አንተ ልጅ፣ ሳስቆጥርህ ተኝተህ ኖሯል! ይኸው ቆማለች እኮ፣ አፏን ወደ ላይ ከፍታ።»

ይህን ብለው ብዕሩን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ዞሩና ከወልደ ሩፋኤል አጠገብ ቁጢጥ ብለው አዩት። እውነትም ከዚህ በኩል በ ነው።

«ማሬ የምትቀመጠው በየት በኩል ነው?» አሉ ለራሳቸው።

«የቷ ማሬ?» ሲላቸው እሳቸው መንገድ ጀምረው ነበር።

በማግስቱ ማሬን በቦታዋ፣ ከገበታዋ ራስጌ በኩል አስቀመጧት። «በ የት አለች? ጠስ? ሸስ?» እያሉ አዘበራርቀው ጠየቋት፤ አንዲት አልሳተችም። ከዚያ ገበታዋን አዞሩላት። ማሬ ገበታዋን አየች፣ የኔታንም አየች።

«እነዚህ ሌሎች ናቸው» አለች።

የኔታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ ቀረና የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ ይመረምሩ ጀመር። ሦስቱ እንደ ማሬ ገልብጠው ነው የሚያውቁት። ከጎን በኩል የሚቀመጠው አለበል ደግሞ አንገቱን ካላጋደለ አይነበብለትም። ሃያ ዓመት ሲያስተምሩ በልጆቹ በኩል ሄደው አይተው አያውቁም ነበር።

ጣሊያኖቹ ስሚንቶ ያመጡበትን ወረቀት ነጋዴው አብዱረዛቅ ይጁቤ ላይ ስኳር ይጠቀልልበታል፤ በየሰው እጅ ስላለ አያስጠረጥርም። ከእሱ ለምነው መዳፍ መዳፍ እያሳከሉ ቆረጡና፣ በዚያ በማይታዘዝ እጃቸው ለየልጁ ፊደል ጻፉለት። እሑዳቸውንም አልተዉም፤ ሁለቱን አስቆጣሪዎች «በልጆቹ በኩል ዞራችሁ እዩ እስቲ» እያሉ ይነዘንዟቸው ነበር።

የፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ሽታዬ መጣች። የኔታ በጣታቸው አፈር ላይ በ ጻፉ። ማሬ ተነሥታ ፊደሏን ትዞራት ጀመር።

«ምን ያዞራታል?» አለች ሽታዬ።

«ከየት በኩል እንደ ጻፍኳት እያየች ነው።»

ማሬ ከየኔታ ጎን ቆመች። «በ!» አለች።

ሽታዬ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ፊደሏን አየቻት። «ከእኔ በኩልስ ማን ናት?»

«ከአንቺ በኩል ሀ ትመስላለች። ግን አይደለችም፣ እማዬ፤ ነይ ወደዚህ ዙሪ።»

ሽታዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዞረች።