ባሕር ያልፈታው ስፌት

ባለፈው ቅዳሜ ጆበርግ ውስጥ፣ ፎርድስበርግ ገበያ ለበረንዳዬ የፀሐይ መከላከያ ስፈልግ፣ አንድ ሸራ ሻጭ ከጥቅሉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ስቦ ፊቴ ዘረጋው። ከጨርቁም የአዲስ ፕላስቲክና የትኩስ የማሽን ዘይት ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ። ሻጩ ስለ ጨርቁ ጥንካሬ ሲያብራራ እኔ አልሰማሁትም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጀፕስታውን ሰፈር እናቴ በምትሠራበት ስፌት ቤት ውስጥ በተከመረ ሸራ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ቤሪያ ሰፈር፣ ሊፍቱ ሲፈልግ ብቻ በሚሠራ ፎቅ ሰባተኛው ላይ ነበር። አባቴ ሱቅ ስለሚውል ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምሄደው እናቴ ጋ ነው። እማዬ አስካለ ትባላለች፤ ደብረ ብርሃን ተወልዳ አዲስ አበባ ልብስ ስፌት የተማረች፣ ጆበርግ ስትመጣ ግን ከቀሚስ ወደ መኪና ሸራና ወደ ድንኳን የተሸጋገረች ሴት ናት። ስፌት ቤቱ አሥራ አንድ ሴቶች የሚሰፉባቸው አሥራ አንድ ማሽኖች ነበሩት። ባለቤቱ ሚስተር ናይዱ ዕድሜውን በማሽን ጩኸት መካከል ስላሳለፈ፣ ማሽኖቹ ለምሳ ጸጥ ሲሉም እየጮኸ ነበር የሚያወራው። ከእናቴ ጎን የምትሰፋው ማማ ቶኮ ከደርባን በስተሰሜን ካለው የባሕር ዳርቻ የመጣች ስትሆን፣ ሁለቱ የሚግባቡት ግማሹ ዙሉ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ በሆነ፣ “እሺ” እና “አይዞሽ” በየመሃሉ ጣል ጣል በሚሉበት የራሳቸው ቋንቋ ነበር።

አንድ ዓመት ከዚያው ከማማ ቶኮ አገር እንግዳ ትእዛዝ መጣ። በቱሪስት የምትኖር አንዲት ከተማ ሆቴሎቿን ባሕሩ አፍ ላይ፣ የአሸዋው ጉብታ ላይ ሠርታ ነበርና ሞገዱ የባሕር ዳርቻዋን በየክረምቱ እየበላ እስከ ሆቴሎቹ ደረጃ ደርሷል። ማማ ቶኮ ነገሩን ለእኔ ስታስረዳኝ፣ አሸዋ መንገደኛ ነው አለችኝ፤ ወንዝ ያመጣዋል፣ ሞገድ ይወስደዋል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሰው ግን ወንዙን ገደበ፣ ጉብታውን ደልድሎ ሕንፃ ተከለበት፤ እናም የሄደውን የሚተካ ጠፋ። ስለዚህ ከተማዋ ሲሞሉ አንዳንዳቸው ከሚኒባስ ታክሲ የሚከብዱ፣ እንደ ደረጃ ተደርድረው ባሕሩን የሚቋቋሙ ግዙፍ የአሸዋ ጆንያዎች አዘዘች። ሴቶቹም ወራት ሙሉ ሰፉ።

ክረምቱ ገና ሳይጋመስ የከተማዋ ኢንጂነር ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ከጆንያዎቹ ብዙዎቹ ስፌታቸው ላይ ተተርትረው አሸዋቸውን ባሕሩ ጠጥቶታል። ሥራው ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል በትሕትና ተናገረ፤ ሚስተር ናይዱ ክሩን ወነጀለ፤ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ያ ትእዛዝ ከሄደ ከአሥራ አንዱ ማሽን ግማሹ እንደሚቆም ሁሉም ያውቅ ነበርና። እናቴ ግን የተቀደደ ጆንያ እንዲያመጡላት ጠየቀች። በሳምንቱ መጣላት። አልጋ የሚያህለውን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ፣ በስፌቱ ውስጥ የቀረውን አሸዋ በጥፍሯ እያወጣች፣ የምሳ ሰዓቷን ሙሉ ዳሰሰችው። እኔ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተትኩት ከዚያ ጨርቅ ላይ ነው።

“ክሩ ደህና ነው” አለች በመጨረሻ ለኢንጂነሩ። “የተቀደደው ጨርቁ ነው። መርፌያችን ወፍራም፣ ስፌታችን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ እኛው ራሳችን እንደ ቴምብር ጠርዝ በስተን ለባሕሩ ሰጠነው። ይሄኛውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እጄን አውቀዋለሁ።”

“እኔ የማውቀው ስፌት በበዛ ቁጥር እንደሚጠነክር ነው” አለ ኢንጂነሩ።

“ለቀሚስ ልክ ነህ።”

ሦስት ቀን ስትሞክር ሰነበተች። መርፌውን አቀጠነች፣ የስፌቱን ርቀት አሰፋች፣ ጠርዙን ሁለቴ አጥፋ በሁለት መስመር ሰፋችው፣ የጆንያውንም አፍ ሞገዱ ከማይመታው ወገን አደረገችው። በአራተኛው ቀን ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ጆንያ በአሸዋ ተሞሉ፤ የሚስተር ናይዱ ፎርክሊፍትም በየተራ አነሣቸው። አሮጌው ከመሬት አንድ ክንድ ሳይርቅ ቀስ ብሎ እንደ ዚፕ ተከፈተና አሸዋው ተዘረገፈ። አዲሱ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሹፌሩ እንዲያናውጠው ታዘዘ፤ አናወጠው፤ ጆንያው ግን ምንም አልሆነም። ማማ ቶኮ እልልታዋን ለቀቀችው። ኢንጂነሩ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ተከትሎ ሲያበቃ ማስታወሻውን አውጥቶ የእናቴን ስም ጠየቃት። ሲጽፍ የመጨረሻዋን ፊደል ስለዘለላት፣ እማዬ እንደገና እንዲጽፈው አደረገችው።

አዲሶቹ ጆንያዎች ተሰፍተው ከተደረደሩ በኋላ፣ በታኅሣሥ ዕረፍት ከሴቶቹ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ሥራቸውን ለማየት ወደ ባሕሩ ወረድን። የደጋ ልጅ የሆነችው እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ሆኖም ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን እንደረገጠች መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጆንያዎቹ ነበር። ጎብኚዎች አይስክሬም እየላሱ ተቀምጠውባቸዋል። እማዬ በጀርባቸው በኩል ተንበርክካ ስፌቷን እየፈለገች ስትዳስስ፣ አንዲት ባለ ባርኔጣ ሴትዮ ዕቃ የጠፋት መስሏት አብራት መፈለግ ጀመረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሞላ ኃይለኛ ነፋስ አብሮት መጣ። የሆቴል ሠራተኞች ወንበር እየሰበሰቡ ሲሮጡ፣ ሞገዱ የጆንያዎቹን ሦስተኛ ደረጃ እየመታ አረፋው ፊታችን ድረስ ሲረጭ፣ አሥራ አንዱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከጆንያዎቹ በላይ ባለው የእግር መተላለፊያ ላይ ቆሙ። ሂዱ ሲባሉም አልሄዱም። እናቴ እጄን አጥብቃ ጨብጣው ነበር። ውኃው ሲሸሽ በአንደኛው ጫፍ አሸዋው ተጠርጎ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ጆንያዎቹ ግን አንድም ሳይጎድል በቦታቸው ነበሩ። ኢንጂነሩ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ መጣና፣ እነዚህ ለዘላለም አይደሉም አለ፤ አሸዋውን በፓምፕ መመለስ፣ ጉብታው ላይ ሣር ማብቀል ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ግን ጊዜ ሰጥታችሁናል።

“እስከዚያ ይቆያሉ” አለችው እማዬ።

ትምህርት ቤት ስንመለስ እናቴ ውቅያኖስን አቆመች ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አወራሁ። መምህራችን ውቅያኖስን የሚያቆም ሰው የለም ብትለኝ፣ ስፌቷን ስላላየሽው ነው ብዬ መለስኩላት፤ ለዚህም ጥግ ላይ ቆምኩ። እስከ ዛሬ አልጸጸተኝም።

ያ ስፌት ቤት ዛሬ የለም። ሚስተር ናይዱ ካረፈ በኋላ ተዘግቶ፣ አሁን የአገሬ ልጆች ጫማ በጅምላ የሚያከፋፍሉበት ሱቅ ሆኗል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ስነግራቸው ለጨዋነት ያህል ይሰሙኛል። ከአሥራ አንዱ ሴቶች ያሉበትን የማውቀው የሦስቱን ብቻ ነው። የእማዬ ጣቶች ተቆልምመዋል፤ ከማሽን ከተለየች ቆየች።

ባለፈው ወር አገሯ የገባችው ማማ ቶኮ ደወለች። ከተማዋ የመኪና ማቆሚያውንና የፊቱን መንገድ ወደ ኋላ ስባ፣ ለአሸዋው የራሱን ቦታ ልትመልስለት ወስናለች፤ ጉብታው ሣር አብቅሎ እንዲሰፋ ጆንያዎቹ እየተነሡ ነው። የሚያሳዝንም የሚያስደስትም ወሬ ነበር። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

“ስፌቱ ተፈትቶ ነበር?”

“የለም” አለቻት ማማ ቶኮ። “ቆሜ አየሁ እኮ። ጆንያዎቹን የሚያነሡት ልጆች ሊተረትሩት ታግለው ሲያቅታቸው፣ ስፌቱን ትተው ጨርቁን በቢላ ቀደዱት።”

“እሺ” አለች እማዬና ስልኩን ዘጋች።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ግን ቀና ብላ ተቀምጣ፣ የተቀደደው ጆንያ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋበት ቀን ጀምራ ታሪኩን በሙሉ ለአባቴ ነገረችው። አባቴ ቃል በቃል ያውቀዋል፤ ሆኖም ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንዴም ሳያቋርጣት አዳመጣት።