ቤቱን እያያችሁ

እታለም ሻንጣዋን እየገፋች ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ብቅ ስትል፣ ድንቡሼ ከፈገግታዋ በፊት ያየችው ዓይኗን ነው። ያ ዓይን ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ ተራ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ዓይን ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ሳይከፍል በኋላ በር ገባ፣ ማን የደረሰ ልጁን ታቅፎ “ገና ጡት አልጣለችም” ብሎ ይዋሻል፣ አንድ ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ካየ ይበቃዋል። አሁን ያ ዓይን ከድንቡሼ ፀጉር ተነስቶ እስከ ጫማዋ ወርዶ ተመለሰ።

“ከሳሽ” አለች እታለም እቅፍ አድርጋ ሳትለቃት። “ድንቡሼ ያልንሽ ለዚህ ነው?”

“ሥራ ነው እታለም።”

“ሥራ ነው ወይስ አለመብላት?”

ድንቡሼ ሳቀች። አክስቷ ለሽርሽር እንዳልመጣች ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ።

ነገሩ የሚጣ ነው። ድንቡሼ ከባሏ ተለያይታ ወደዚህ አገር ስትመጣ ልጇ ሚጣ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። እናቷ ጋ ትታት መጣች፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። አሁን የልጅቷ የመግቢያ ፈቃድ ወጥቷል። የሕፃናት መዋያም ተገኝቷል። ለትንሿ አልጋ የሚሆን ቦታ በመስኮቱ ሥር ተለክቶ፣ እዚያ የነበረው ቁም ሣጥን ተገፍቶ በሩ ግማሽ ብቻ የሚከፈትበት ጥግ ገብቷል። የቀረው የአያትየው እሺታ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግራታለች፤ “እታለም ሄዳ በዓይኗ ሳታይልኝ ሚጣ ከዚህ ቤት አትወጣም። ትምጣ ካለች ትመጣለች። አይሆንም ካለች አንቺም አትጨቅጭቂኝ።” በሕግማ ልጅቷ የድንቡሼ ናት። ነገር ግን ሚጣን ሌት ተቀን ያሳደገች እናቷን አስለቅሳ ልጅ መንጠቅ፣ አንጀቷ አልቻለም።

ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች፤ ከተማው ያለውን ጌጥ ሁሉ ለእታለም ልታሳይ ቆርጣ ተነሳች።

በባቡር ጀመሩ። መሐል ከተማውን እያቋረጠ የሚሄድ፣ ድምፁ የማይሰማ ባቡር ነው። እታለም ገና ከመቀመጧ ተመልሳ ብድግ አለች።

“ቆራጩ የታለ?”

“ቆራጭ የለም። ስንገባ በሩ ላይ ካርድ ነካ አደረግን እኮ።”

“ያልነካስ?”

“አልፎ አልፎ ተቆጣጣሪ ይመጣል።”

“አልፎ አልፎ?” እታለም ባቡሩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። “ያ ባለ ኮፍያው አልነካም።”

“እታለም፣ በእናትሽ ዝም በይ።”

“እኔ ምን አልኩ? አየሁት ነው ያልኩት።”

ባለ ኮፍያው በሚቀጥለው ፌርማታ ሲወርድ፣ እታለም በመስኮቱ እስከ መንገዱ ማዶ በዓይኗ ሸኘችው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ።

ከባቡሩ ወርደው የከተማው ሰው የሚኮራበት ማማ ላይ ወጡ። እታለም ሊፍቱ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ የድንቡሼን ክንድ አንቃ ይዛ ነው የወጣችው። እላይ ሲደርሱ ከተማው እንደ ልጅ መጫወቻ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቷል።

“ያ ወንዙ ነው፤ አየሽው? ያኛው አረንጓዴው ትልቁ መናፈሻ ነው። ለልጆች መንሸራተቻ አለው፣ ዥዋዥዌ አለው...”

“ቤትሽ የቱ ጋ ነው?”

ድንቡሼ ፈለገች። ሰፈሯ ከባቡር ጋራዡ በስተጀርባ ነው፤ አንድ ረጅም ሕንፃ ጋርዶታል።

“ከዚህ አይታይም።”

“ታዲያ ምን ልናይ ወጣን?”

ሙዚየሙም አልቀናትም። አንድ የድሮ መስፍን ይተኛበት የነበረ አልጋ በገመድ ታጥሮ ተቀምጧል። እታለም ፍራሹን በሩቁ ገመተችና “አሁን ማን ይተኛበታል?” አለች። ማንም እንደማይተኛበት ሲነገራት ከንፈሯን መጠጠች። “አምስት ልጅ ያስተኛ ነበር” ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች።

በመጨረሻ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አሉ። እታለም ጫማዋን አወለቀች፤ እግሮቿን እያፍታታች፣ እንደ ቀላል ነገር ጥያቄዋን ወረወረች።

“እንበልና ሚጣን ትኩሳት ያዛት። አንቺ ደግሞ ሥራ ላይ ነሽ። ማንን ነው የምትጠሪው?”

“አምቡላንስ አለ። ደውለሽ ሳትጨርሺ ከተፍ ይላል።”

“እሺ፤ ትኩሳት ሳይሆን ባቡሩ ቆሞ አመሸሽ። አምቡላንሱ መጥቶ እራት ያበላታል?”

ድንቡሼ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

“ጎረቤቶችሽ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?”

“ደህና ሰዎች ናቸው።”

“እነማን ይባላሉ?”

ድንቡሼ ስማቸውን አታውቅም። ከታች አንዲት ባለ ውሻ አሮጊት እንዳለች ታውቃለች፤ ከፊት ለፊቷ ቀን ቀን የሚተኛ ሰው እንዳለም ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ የምታውቀው የለም። እታለም ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። ተጨማሪ አልጠየቀችም፤ ድንቡሼን ያስፈራትም እሱ ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ድንቡሼ መታጠቢያ ቤት ሆና አውራ ጣት የሚያህሉ የሚጣ ካልሲዎችን ታጥባለች፤ አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም ብላ ነው። እታለም በስልክ ከእህቷ፣ ከድንቡሼ እናት ጋር ስታወራ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

“ከተማውስ ያማረ ነው፤ ጽዳቱ፣ መብራቱ፣ ምኑ ቅጡ። ቤቷም ጠባብ ትሁን እንጂ ንጹሕ ናት።” ትንሽ ቆየት አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ግን እህቴ፣ ልጅሽ ሰው የላትም። እኔ እንጃ።”

ድንቡሼ እርጥብ ካልሲ እንደያዘች ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሮጥ፣ ቤት ስታሰናዳ፣ ፈቃድ ስታስወጣ ኖራ፣ ‘እኔ እንጃ’ ላይ ልትወድቅ ነው።

በማግስቱ ደግሞ ሥራ ቦታ አንዷ ታማ ቀረችና ለግማሽ ቀን ድረሺልን ተባለች። እየከነከናት ተነሳች። “ለማንም በር እንዳትከፍቺ” አለች ለአክስቷ። “ምድጃውን እንዳትነኪ። ዳቦ አለ፣ ወተት አለ።”

“ዳቦው ትናንት አልቋል።”

“እኔ ይዤ እመጣለሁ።” ይህን ብላ አንዱንና ብቸኛውን ቁልፍ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

የምትሠራው ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ አንሶላ መተኮሻ ክፍል ነው። ማሽኑ የጋለ ረጅም ጥቅል ብረት ነው። እርጥቡን አንሶላ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ያጎርሱታል፤ በወዲያ በኩል ደርቆና ተወጥሮ ይወጣል። ዘዴው እኩል መሳብ ነው። አንዷ ሳብ፣ አንዷ ላላ ካደረገች አንሶላው ተጣጥፎ ይገባና እጥፉ ይተኮሳል፤ እንደገና ወደ ውኃ ነው። ድንቡሼ እጇ የሠለጠነ ነው። የዚያን ቀን ግን አንሶላው ሁሉ በእሷ በኩል ተጨማዶ ወጣ።

ማሽኑን አብራት የምትይዘው ሳቂታዋ ባልደረባዋ ታዘበቻት። “ዛሬ የምታጎርሺው አንሶላ ነው ሐሳብ?”

“አክስቴ ስልክ አታነሳም።”

“ተኝታ ይሆናላ።”

“አክስቴ? ቀን?”

ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። ሳቂታዋ የቀረውን የፎጣ ክምር በእግሯ ወደ ራሷ ጎተተችው። “ሂጂ፤ ይሄን እኔ እጨርሰዋለሁ። ያንቺን እጥፋት ደግሞ ስተኩስ አልውልም።”

ድንቡሼ ቤት የደረሰችው እየሮጠች ነው። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንዳይዘጋ የእታለም አንድ እግር ጫማ ተወትፎበታል። ስልኳ አልጋው ላይ ነው። እታለም የለችም። ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል፣ የአልጋ ልብሱ ተገልቧል።  “እታለም!” ብላ ተጣራች። መልሱ ከታች መጣ፤ መጀመሪያ የውሻ ጩኸት፣ ቀጥሎ የእታለም ሳቅ።

ወርዳ የአሮጊቷን በር ገፋ ስታደርግ፣ እታለም ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ጫማ አጥልቃ ሶፋው ላይ ተደላድላ ሻይ ትጠጣለች። አሮጊቷ ፊት ለፊቷ፣ ውሻዋ እግሯ ሥር። በሩ አጠገብ ደግሞ ቀን ቀን የሚተኛው ጎረቤት በሌሊት ልብሱ፣ ጃንጥላ እንደ ዱላ ጨብጦ ቆሟል።

ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰማው ድንቡሼ ብቻ ናት፤ ከዚህም ከዚያም ቀጣጥላ ታሪኩ ሲገባት ወገቧን ይዛ ሳቀች።

እታለም ዳቦ ልትገዛ ተነሳች። በሩ ከተዘጋ ቁልፍ የላትም፤ ስለዚህ ጫማዋን ወተፈችበትና ነጠላ ጫማ አደረገች። ግን ክፍት ቤት ዝም ተብሎ ተጥሎ አይኬድም። እሷ አገሯ እንኳን ክፍት፣ የተቆለፈ ቤትም ቢሆን የጎረቤት በር መታ አድርጋ “ቤቱን እያያችሁ” ሳትል ሄዳ አታውቅም። የፊት ለፊቱን በር መታች፤ የሚከፍት የለም። ወርዳ የአሮጊቷን መታች። ከአማርኛው ጋር በእጇ ወደ ላይ እያመለከተች፣ ዓይኗን በጣቷ እየነካች አስረዳች። አሮጊቷ የተረዳችው፣ የማታውቃት ሴት እላይ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አይታ ደንግጣ መምጣቷን ነው። ውሻዋን አስከትላ ወጣች። በሩ ክፍት፣ መሬቱ ላይ አንድ እግር ጫማ፤ ሌባ ነው እንጂ ምን ይሆናል! የፊት ለፊቱን በር ባለቤቱ እስኪነቃ ደበደበችው። የሌሊት አውቶብስ ሾፌር የሆነው ሰውዬ ጃንጥላውን ይዞ ወጣና ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አየ። እታለም ከኋላ ከኋላው እየተከተለች “ተባረክ” ትለው ነበር።

“እኔማ” አለች እታለም፣ “አደራ ሲሏቸው እንዴት ጠንቃቃ ናቸው እያልኩ አመሰገንኳቸው። ሻይ ስትጋብዘኝ ጊዜ ነጠላ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ...” እግሯን አየችና “አንዱን ያ ውሻ ወሰደው መሰለኝ፤ ይቺ የሷ ናት” አለች። እውነትም በአንድ እግሯ ያጠለቀችው የአሮጊቷን ጫማ ነው።

ሳቁ ሲረግብ እታለም ስኒዋን አስቀመጠች። ያ የትኬት ዓይኗ ተመልሶ መጣ።

“በይ ጠይቂያት። ልጅ አሳድጋ ታውቃለች?”

“እታለም፣ እዚህ አገር እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።”

“ልጅ አያሳድጉም?”

ድንቡሼ ፊቷ እየጋለ ጠየቀች። አሮጊቷ አልተቀየመችም፤ ሁለት ወንዶች እንዳሳደገች፣ ሁለቱም ሩቅ እንደሚኖሩ ተናገረች። ቀጥላ ወደ ድንቡሼ ዞረችና ረጋ ብላ ሌላ ነገር አለች።

“ምን አለች?” አለች እታለም።

ድንቡሼ ልትዘለው አሰበች። የእታለም ዓይን ግን አላዘለላትም።

“‘አንቺ ሰው የምትጠዪ ይመስለኝ ነበር’ ነው ያሉኝ። ‘ሰላም ልልሽ በር ስከፍት ሁልጊዜ ጀርባሽን ነው የማየው’ ነው የሚሉት።”

እታለም ወደ አሮጊቷ ጠጋ አለች። ስልኳ እላይ ስለቀረ የድንቡሼን ስልክ ተቀበለችና የሚጣን ፎቶ ለአሮጊቷ ዘረጋች።

ከዚህ በኋላ ድንቡሼ የእታለምን ጥያቄ ልትተረጉም አልጠበቀችም፤ በራሷ አፍ ጠየቀች። ልጄ ልትመጣ እንድትችል ነው የማስቸግርዎ አለች። ባቡር ቆሞ ባመሽ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ሚጣ እርስዎ ጋ ልትቀመጥ ትችላለች? በዚህ አገር ከማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃ አታውቅም።

አሮጊቷ ፎቶውን በመነጽሯ ደህና አድርጋ አየችው። “በየቀኑ አልችልም” አለች። “ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ከእራት በኋላም ቶሎ እተኛለሁ። አንቺ ስታመሺ ግን እዚህ ትቀመጥ። የውሻውን ጭራ አትጎትት እንጂ።”

ሾፌሩ አዛጋ። “እኔም ከሰዓት በኋላ አለሁ” አለ። “ጠዋት ብቻ በር አታንኳኩብኝ።”

እላይ ሲመለሱ እታለም መጀመሪያ ያነሳችው ስልኳን ነው። ድምፁን ክፍት አደረገችው። ድንቡሼ የተገለበጠውን የአልጋ ልብስ ማንጠፍ ጀመረች።

“ስሚኝ እህቴ” አለች እታለም። “የትናንቱን ተይው። ከታች አንዲት ባለ ውሻ ሴት አለች፤ ‘በየቀኑ አልችልም’ ያለች ሴት ናት። ሁሉን እችላለሁ ብትል አላምናትም ነበር። እኔ እስክሄድ ድረስ ልጅሽ ጠዋትም ማታም እየወረደች ሰላም ትላታለች፤ ከዚያ ወዲያ እግሯ ይለምዳል። ሚጣ ትምጣ ብያለሁ።”

 ድንቡሼ አንሶላውን በሁለት እጇ እንደወጠረች ቆመች። ከወዲያ በኩል እናቷ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ።

“ሴትዮዋ ውሻ አላት አላልሽም?” አለች በተቆራረጠ ድምፅ። “ክትባት ተከትቧል?”

“እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ” አለች እታለም። “ጎረቤቷ ልጅሽ ናት።”

ድንቡሼ አንሶላውን ለቀቀችው። “አንድ ጊዜ እማዬ፣ አትዝጊው” አለችና ወጣች። ደረጃውን በቀስታ ወርዳ የአሮጊቷን በር አንኳኳች።