ባሻ ደምሴ ከኮሪያው ጋር ሊታረቁ ኦሞራቴ ሲወርዱ

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጂንካ

የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ የተኙት ከብቶች ገና አልተነሡም። እኔና ባሻ ደምሴ ኤንትሬው የጭነት መኪና ላይ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተሰቅለናል። ባሻ ጎረቤቴ ናቸው፤ አናጢ፣ በንጉሡ ጊዜ ኮሪያ የዘመቱ። አንድ ልጃቸው ተስፋዬ ኦሞራቴ መስኖ እርሻ ላይ ፓምፕ ይጠግናል። እርሻው ለብሔራዊ ውትድርና ሁለት ሰው እንዲያዋጣ ታዟል፤ አንዱ ተስፋዬ ነው። ነገ ካላስቀረነው አርብ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ጉዞ ይጀምራል። ፓምፖቹን የሚመራው ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ኢንጂነር ነው። እሱ «ያስፈልገኛል» ካለ ልጁ ይቀራል። ሰውዬው እንግሊዝኛ ይችላል፣ እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ የተጎተትኩት ለዚህ ነው።

«ለመሆኑ ባሻዬ፣ ወገኖቹን እንደወጉ ሊነግሩት ነው?»

«ታዲያስ! ደም ሳይታረቅ ልመና ይገባል?»

እባክዎ ይተዉት አልኳቸው። የኮሪያ ዘማች ሜዳሊያውን ሣጥን ውስጥ በቀበረበት በዚህ የአብዮት ዘመን፣ ይህን ለሰሜን ኮሪያ ሰው መናገር እብደት መሰለኝ። ባሻ ጋቢያቸውን አጣፉ።

ረፋድ፣ ቀይ አፈር

ትኩስ የበቆሎ እሸትና አንድ ቅል ቦርዴ፣ የአገሩ የእህል መጠጥ። ኮሪያ እርስ በርሱ ለምን እንደተዋጋ ጠየቅኳቸው።

«አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ ነበር» አሉ ባሻ። «ጃፓን ሲለቅ ራሽያ ከላይ፣ አሜሪካ ከታች ገብተው ከመሐል ሰነጠቁት። አንዱ መሬት ለጭሰኛ አለ፣ ሌላው ነፃነት አለ፤ ሁለቱም አገሩን በሙሉ ፈለጉት። የላዩ ቀድሞ ወረደ፣ ቻይናም ደረሰለት። ለታቹ ደግሞ እኛ ደረስን።»

«እርስዎስ ምን አገባዎት?»

«እኔንጃ! ጠብመንጃው የአሜሪካ፣ ጫማው የአሜሪካ፣ ካልሲው የአሜሪካ። የራሴ ነፍሴ ብቻ ነበረች።»

ሾፌራችን ወርቁ እሸቱን እየጋጠ፣ «የኛውስ በምን ይለያል ባሻዬ? ድሮ የአሜሪካ መሣሪያ ነበር፣ ዛሬ የራሽያ። ሟቹ ያው የኛው ልጅ» አለ። ካለ በኋላ ዙሪያውን ቃኘ፤ ግድግዳም ጆሮ አለው።

ከሰዓት፣ ቱርሚ

ሙቀቱ ያፍናል። ግራር ሥር የፍየል ጥብስ ስንበላ አንድ የሐመር ሽማግሌ ከእንጨት በተጠረበች በርኮታ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው፣ ክላሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። በስንት እንደገዙት ጠየቅኳቸው።

«ስምንት በሬ። ከሱዳን በኩል መጣ። ራሽያ ነው የሠራ አሉ።»

ወርቁ፣ ራሽያ ለመንግሥት ይህን በገፍ እንደሚሰጥ ነገራቸው። ሽማግሌው ሰደፉን ዳበሱ።

«እንግዲያ ዘመድ ነው። ዘመድ ጠብመንጃ ሰጠ፣ በሱ ሰው ሞተ፣ ዘመድ ለቅሶ ይመጣል። ራሽያ ለቅሶ መጣ?»

ባሻ ከጂንካ ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። ሣቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ።

ሐሙስ፣ ጠዋት፣ ኦሞራቴ

ኦሞ ደፍርሶ ይወርዳል። የዳሰነች ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፤ ከበላያቸው ፓምፑ ይጮኻል። ኢንጂነሩ ሽበታም፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ ሰው ነው። ሰላምታ ሳልጨርስ ባሻ ከከረጢታቸው ድንጋይ አወጡ። በኦሞራቴ ደለል ድንጋይ እንደማይገኝ ስላወቁ ከቤት ይዘው መጥተዋል። ማጅራታቸው ላይ ጫኑና እግሩ ሥር ተደፉ።

«ንገረው፣ መምህር። ከወገኖቹ ገድያለሁ በለው። ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ይማረኝ፤ ልጄንም ያስቀርልኝ።»

ተረጎምኩለት። ሰውዬው የድንጋዩን ነገር ጠየቀኝ፤ አገራችን ላይ ደም ያለበት ሰው እንዲህ ይለምናል አልኩት። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣው።

«ታላቅ ወንድሜ ደቡብ ቀርቷል» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የደቡብን ልብስ ለብሶ ሲተኩስብን፣ ምናልባት እኚህ ሽማግሌ አጠገቡ ነበሩ። ይኑር ይሙት አላውቅም።»

ባሻን ደግፎ አስነሣና «ልጁ ያስፈልገኛል» ብሎ ምልምሎቹ ወደተያዙበት ቢሮ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ተስፋዬ ወጣ። አባትና ልጅ ሲተቃቀፉ እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምልመላው ጸሐፊ ተከትሎ ብቅ አለ። «ሁለት ተብሏል፣ ሁለት ይሞላል» አለ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። የቦይ ጠራጊዎቹን አየት አደረገና ማርቆስን ጠራ፤ ከጎፋ ለጉልበት ሥራ የመጣ፣ እዚህ አንድም ዘመድ የሌለው ወጣት። በመንገዱ ሁሉ ይህ እንደሚመጣ አንዳችንም አላሰብንም። ባሻ የልጃቸውን ክንድ አልለቀቁም፤ ዓይናቸውን ግን ከማርቆስ ላይ መንቀል አቃታቸው።

አርብ፣ ወደ ጂንካ

ሌላ መኪና ስለሌለ ምልምሎቹም ከኛ ጋር ተጫኑ። ማርቆስ በማን ፋንታ እንደተጠራ ያውቃል። ባሻ ጋቢያቸውን አለበሱት። እግሩን እርጥብ እንዳያሳድር፣ ሌሊት ሲጋራ እንዳይለኩስ፣ የሞተ ጓደኛ ለማንሣት ቀን እንዳይቆም መከሩት። እሱ እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ፤ አፍሬ ነበር።

ጂንካ ስንገባ ማርቆስ ጠየቀ።

«ባሻ፣ እርስዎ ጦርነት ያውቃሉ። እዚያ ሰሜን የምንወጋው ማንን ነው? ምን አድርገውን ነው?»

ባሻ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከሉለት።

«ስትደርስ ይነግሩሃል፣ ልጄ። ለእኛም የነገሩን መርከቡ ላይ ነው።»

መኪናው ቆመ። ማርቆስ ጋቢውን አጥፎ ሊመልስላቸው ዘረጋ፤ ባሻ አልቀበልም አሉ።

«እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ አባባ» ብሎ ወረደ።