ስድስት የስጦታ ደብዳቤ ለአንዲት ኮንዶሚኒየም

ከሐይቅ ከተማ የወጣነው ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ነው። የእናቴ አባት፣ አባባ ይማም፣ ሚኒባሱ በር ላይ ቆመው የእማን እጅ አልለቅ አሉ። «ዓይኔ ሳይጠፋ ነይና ልይሽ» አሏት። «በዓመቱ እመጣለሁ» አለች። ይኸው አራት ዓመት ሆነን።

የዚህን የአሜሪካን ከተማ፣ የኮሎምበስን ብርድ ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ የአምባሰል ውርጭ እዚህ ቢመጣ ካፖርት ይለብሳል! ዓሣው አጥንትም ጣዕምም የለው። እማ ሆስፒታል ታጸዳለች፤ ከቀረች ደሞዝ የለም። ስለዚህ መላ ዘየደች፦ እኛው ያለንበት ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ኮንዶሚኒየም ገዝታ ልታከራይ፣ በኪራዩ ሄዳ አባባን ልታይ።

ለቅድሚያ ክፍያው እዚሁ ያሉ ስድስት የሐይቅ ልጆች አዋጡልን። ባንኩ ግን «ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል ደብዳቤ ከእያንዳንዳቸው ይምጣ አለ። ስድስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ! በእንግሊዝኛ፣ ያለ አንድ ስርዝ ድልዝ። ሁሉም ሲፈርሙ ታክሲ ነጂው ጋሼ ሰይድ ብቻ እስክሪብቶውን ይዘው ቀሩ።

«ደስታ፣ ስትችይ ትመልሻለሽ ተባብለን የለ?»

«አዎ ጋሼ፣ ወረቀቱ ለወጉ ነው እንጂ እመልሳለሁ» አለች እማ።

«እንዲህ ብዬ ፈርሜማ፣ ወላሂ መልሼ አልቀበልሽም። በቃ፣ የእውነት ስጦታ ይሁን።»

ፈረሙ። እማ አለቀሰች።

የባንኩ ሰውዬ ደብዳቤዎቼን ደረደራቸው።

«ልትኖሩበት ነው?»

«ልናከራየው» አልኩ፣ ለእማ እየተረጎምኩ።

«ለሚከራይ ቤት ስጦታ አንቀበልም።»

«ቀድሞ ለምን አልነገሩንም?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንኖርበታለን ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

እኔን ለመጻፍ ማን ብሎኝ! ያለውን ለእማ ነግሬ እስክሪብቶዬን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ ሰይድ ለአንዲት ቃል ብለው ገንዘባቸውን ተዉ። እኔ ልዋሽ? እስጢፋኖስን አላደርገውም!»

አሁን የቀረችን ተስፋ የቤቷ ሻጭ ባልቴቷ ናት። ባንክ ሳይገባበት እሷው ዋጋውን በየወሩ ልትቀበለን እያሰበች ነው፤ ግን «እነማን እንደሆናችሁ ጻፉልኝ» አለች። አባባ ዘንድ ደወልኩ።

«የማን ልጅ እንደሆነች ንገሪያታ!» አሉና እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። «አባቷ ሐይቁ ዳር ሆኖ ይጠብቃታልም በይ።» እሱንም ጻፍኩ።

«አባባ፣ ቪዲዮውን ላብራውና እማን ይዩዋት?»

«ተይው ልጄ። አሁን ድምፅ ይበቃኛል።»

እማ ከኋላዬ ቆማ «ምን አሉሽ?» ትለኛለች።