የአባቴ ቤት ትምህርት ቤት ሆነ

ሶዶ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት አያስገባም። ቢያስገባ «ከሰሩ እንዴ?» ይባላል፣ ወሬውም ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። እኔና ባሌ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንሸጣለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልከሰርንም። ስለዚህ ልጃችን ስድስት ዓመት ሲሞላት የት እንደምትማር የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሀብታሙ ሁሉ ልጁን የሚያስገባበት የግል ትምህርት ቤት የታወቀ ነው። ጣጣው፣ ያ ትምህርት ቤት ያለው አባቴ ቤት ውስጥ ነው።

አባቴ ሲሞት ወንድሞቼ ቤቱን ሸጡት። የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባል የለ፣ እኔም ድርሻዬን ወሰድኩ፣ እናቴንም ወደ ቤቴ አመጣኋት። ገዢው አጥሩን ግንብ አድርጎ ትምህርት ቤት ከፈተበት።

በእኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። እኔም የበኩር ልጄን ልወልድ እዚያው ቤት ገብቼ ነበር። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ መጣ። ኦቶና ሆስፒታል የሚያደርሰን መኪና እየተፈለገ ሳለ ተወለደ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ። ወንድ ነበር። ስም ላልወጣለት ልጅ ድንኳን አይተከልም፤ መቃብር ቦታም አይወሰድም። እናቴና ሁለት አሮጊት ጎረቤቶች በነጠላ ጠቅልለው ጓሮ ወሰዱት፣ እንሰቱ መሃል ቀበሩት። ወንድ እዚያ አይደርስም። ለወለደችውም ቦታው አይነገራትም፣ ልቧ እዚያው እንዳይቀር ይላሉ። የኔ ግን ቀረ።

ባሌ ያኔ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ነበር። ሲመለስ «እግዜር ሌላ ይሰጠናል» አለኝ። የት ነው ብሎ አልጠየቀም፣ እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ትምህርት ቤቱን ልናይ የሄድነው እሱ ስለነዘነዘኝ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ወጣት ነው፤ ከፊት ከፊት እየሄደ አስጎበኘን። ያማጥኩበት ክፍል የጀማሪዎች ክፍል ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ ዝሆን ተስሎበታል። ከዚያ መጫወቻ ቦታውን በኩራት ሊያሳየን ወደ ጓሮ ወሰደን። እንሰቱ የለም። «እባብ ይገባበታል ብለን ነቀልነው» አለ። መሬቱ ዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ላዩ ላይ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ተተክሏል። ሲሚንቶውን የገዙት ከእኛ ሱቅ ነው። እኔው ቆሜ ያስጫንኩት ነው፣ ለክፍል ወለል መስሎኝ።

ልጄ እጄን ለቃ ወደ ሸርተቴው ሮጠች። እኔ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ሲነቅሉና ሲቆፍሩ ያገኙት ነገር እንዳለ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ደወል ተደወለና ልጆች እየጮኹ ወጡ። የኔው ቢኖር አራተኛ ክፍል ነበር፤ ዓይኔ አራተኛ ክፍሎችን ይፈልግ ጀመር። ወይ ጉድ፣ አብጃለሁ አልኩ በሆዴ።

ቤት ገብተን ምሳ ላይ ተጣላን። እኔ ግቢው ጠባብ ነው፣ ክፍያው ዘረፋ ነው፣ ልጅቷም መንግሥት ትምህርት ቤት ገብታ በወላይትኛ ትማር እንጂ ከአያቷ ጋር በምን ልታወራ ነው አልኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ደረደርኩ። ባሌ ሳቀብኝ። «እኔ ሰባ ሆነን በአንድ ክፍል ስንማር ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ታዲያ ሌት ተቀን የምለፋው ልጄም ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ ነው?» አለ። እውነቱን ነው።

እናቴ እስከዚያ ምሳዋን ትበላ ነበር። ከዚያ በወላይትኛ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እንዲህ አለችኝ፦ «በሸርተቴው በኩል አይደለም። ከግንቡ ጥግ ነው፣ ከውኃ መውረጃው አጠገብ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘበኛው ያስገባኛል።»

ባሌ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ስለ ማን እንደምታወራ የነገረው ሰው የለም፤ ወዲያው ገብቶታል። ፊቱን አይቼ አለቀስኩ። የምዝገባው ቀን ሲደርስ ልጃችንን በእጁ ይዞ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ራሱ ነው።

አሁን ቀይ አቧራ ለብሳ ትመጣለች። ከአያቷ ጋር በወላይትኛ ይቀላለዳሉ፣ ያን ሳይ ደስ ይለኛል። ግን የጓደኞቼ ልጆች እንግሊዝኛ ሲያንበለብሉ እሷ ዝም ብላ ታያቸዋለች። ያኔ እፈራለሁ። ለሞተው ስል ያለችውን በድዬ እንደሆነስ? ዝናብ ሲጥል ደግሞ ያ የውኃ መውረጃ ትዝ ይለኛል፤ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያናገርኩ ሐሳቤ እዚያ ይሄዳል።

በቅርቡ ሠርግ ላይ አንዲት የነጋዴ ሚስት ከፊታችን ተቀምጣ ነበር፣ ለከተማው አዲስ ናት። «ልጆቻችሁን የት ነው የምታስተምሩት?» አለችን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ሴቷ መንግሥት ትምህርት ቤት ናት። ወንዱ ግን እዚያ የግሉ ውስጥ ነው።»

ደነገጥኩ። ባሌ አጠገቤ ነው፤ አሁን ያርመኛል፣ ወይም ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ምነው ለያያችኋቸው?» አለች ሴትዮዋ።

ባሌ ሳህኑን እያየ፣ «ከአያቱ ግቢ እንዳይርቅ ብለን ነው» አላት።