በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር

እትዬ መስመር የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ ደንበኞቿ ነን። ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ እየጮኸ በሚገባበት ዘመን፣ አንድ ኢሜይል ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ስንጎለት፣ «መስመር የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። መጀመሪያ ስሙን ስትሰማ ተቆጥታ ነበር። ኋላ ግን ራሷም ስልክ ስታነሳ «መስመር ነኝ» ማለት ጀመረች።

ኢንተርኔት ቤቷ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ስምንት ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል፣ ሁሉም በአንድ ማብሪያ ነው የሚነሱት። የሰፈሩን ሰው ኢሜይል የከፈተችው እሷ ነች። ማኅበራዊ ሚዲያ መጥቶ ሁላችንም ፎቶ የምንለጥፍበት ገጽ ሲያምረን፣ ያንንም የከፈተችልን እሷው ነች። ታዲያ የሁላችንም የይለፍ ቃል አንድ ነበር፦ የሱቁ ስልክ ቁጥር፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው። «ብትረሱት ቀና ብላችሁ ታነቡታላችሁ» ትለን ነበር። ጉድ እኮ ነው፤ ቁልፉን በር ላይ ሰቅለን ቤታችን ተቆልፏል ብለን እንተኛለን። ለአዲስ ሰው የመጀመሪያውን መልእክት የምትጽፈውም እሷ ነበረች፣ ሁልጊዜም ያው ነው፦ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ።» ከእሷ የተማርን ሁሉ እስከ ዛሬ እንዲሁ እንጽፋለን።

ታናሽ ወንድሟ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቻት ሲያደርግ ይውል ነበር። አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ ሩቅ ቦታ ሥራ አገኘሁልህ አለውና ሄደ። ስድስት ዓመት አንድ ቃል አልመጣም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የነበረም የቀበረም ስላልተገኘ እናቷ አላለቀሱም። ደግሞም በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ስልካቸው ላይ ከልጃቸው ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። «ገባ» ይላሉ፤ «እንደምን አደርክ ልጄ» ብለውም ይልኩለታል። መልስ የለም። ሲመሽ ነጥቧ ትጠፋለች። ጎረቤቱ ላም አለኝ በሰማይ እያለ ያማቸው ነበር። እኔም ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበርኩ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ውሎ አድሮ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቤቷ ጭር አለች። እትዬ መስመር ኮምፒውተሮቹን ለአንድ ጠጋኝ ሸጠች። የሰባት ቁጥር ስክሪን ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል፣ ማንም አይቀመጥበትም፤ ሳጥኑን ግን ከሶኬቱ የነቀለው አልነበረም። ጠጋኙ ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብሎ የስምንት ቁጥርን ስክሪን ሰካበት።

የወንድሟ ገጽ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ልጁ የሄደው ገጹን ሳይዘጋ ነበር፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ገጹም አብሮ ይነሳል። የእናቷ «እንደምን አደርክ ልጄ» ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። እትዬ መስመር ሱቋን የምትከፍተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድሟን ስታበራና ስታጠፋ የኖረችው ራሷ ነበረች።

የሰባት ቁጥርን ገመድ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ለእናቷ እውነቱን ልትነግር ወጣች። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ ልጀምር እያለች ሄደች።

እናቷ መስኮቱ ሥር ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ዛሬስ ምን እንደነካው እንጃ» አሉ፤ «ገብቶ ነበር፣ ወጣ። ይኸው አሁን ደግሞ ተመልሶ ገባ።»

አየች። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰዳ ገመዱን ዳበሰችው፤ እዚያው አለ። ፈራች፣ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ በጠራራ ፀሐይ ፈራች። ስልኩን ተቀበለችና «ማነህ?» ብላ ጻፈች።

ወዲያው «እየጻፈ ነው» የሚል መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። ከዚያ መልሱ ገባ።

«ደህና ነኝ፣ አታስቡ።»

እናቷ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። እሷም ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አልተነፈሰች።

በማግስቱ የድሮ ደንበኞቿን አንድ በአንድ ዞራ ጠየቀች። እኔንም «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ያቺ ነጥብ አሁን ሰዓት የላትም፣ አንዳንዴ ጠዋት፣ አንዳንዴ ማታ ትበራለች። የእሱም የይለፍ ቃል ያው የበሩ ቁጥር ነውና ቀይሪው፣ ሌላ ሰው ከሆነ ይለይለታል ብዬ መከርኳት።

«እሱ ከሆነስ?» አለችኝ። «በሩን ልዝጋበት?»

ቤቷ ዛሬ ጫማ ይሸጥባታል። እትዬ መስመር ግን አዲሱን ባለሱቅ ለምና አስፈቅዳለች፤ በሩ ላይ ያለው ቁጥር በፈዘዘ ቁጥር ቀይ ቀለም ይዛ ትመጣና ታድሰዋለች።