የውስጥ ጆሮዬን ጋኔን ያሉት ጊዜ

የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ ስል ግድግዳው ሄደ። ቀና አልኩ። አልቆመም። ጣሪያው ወደ ቀኝ ይሮጣል። አልጋውን ያዝኩ። አስመለሰኝ። ደግሞ አስመለሰኝ። ዓይኔን ብጨፍንም መዞሩን አልተወም። ምላሴ አልተሳሰረም፤ እጅ እግሬ አልዛለም። ዞረብኝ፣ በቃ። እስከ ማግስቱ እንደዚያው ሆንኩ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ዞሮበት ለተኛ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የሐኪሞቹን ቃል እንደሰማሁት አስቀምጠዋለሁ።

ልጄ ጥሩወርቅ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የተቀበለን ሰውዬ ደም ግፊቴን ለካ። ዓይኔን አላየም። ስነሣ ስቀመጥ እንዴት እንደምሆን አልጠየቀም። «እርጅና ነው፣ እማማ» አለና የማዞር ክኒን ጻፈልኝ። ለጥቂት ቀን ብቻ የሚወሰደውን ክኒን ሦስት ወር ዋጥኩት። ያፈዘኛል። ያስተኛኛል። ስራመድ ወለሉ እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ይሰምጣል፤ እኔም ወደ ግራ እሳባለሁ።

አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት አረጀሁ?

የባሰው ግን ከቤቴ መጣ። ጥሩወርቅ ሥራ ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ ትቆልፍብኝ ጀመር፤ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለዘነቡ ትተዋለች። «ለራስሽ ብዬ ነው፣ እማዬ» ትላለች። የሰፈራችን የቀጨኔ መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋዩ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ መፍራቷ አይገርመኝም። ነገር ግን የእኔ እግር ቤት አይወድም። የታመመ ስጠይቅ፣ አራስ ስጎበኝ፣ ልቤ ሲል ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጥቼ ከእንጨት ለቃሚዎቹ ጋር ሳወራ ነው የኖርኩት። ከዚያ በር ብቻዬን ካልወጣሁ መኖሬ ምኑ ላይ ነው? እንደ ዶሮ ተዘግቶብኝ ልሙት?

ልጄን ሦስት ወር ጨቅጭቄያት ሆስፒታል ሄድን። የጆሮ ሐኪሟ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኔን እያየች፣ ጭንቅላቴን በድንገት ወደ ጎን አዞረችው። «እናቴ፣ ይህ ማዞር ቨርቲጎ ይባላል። የግራ የውስጥ ጆሮዎ የሚዛን ነርቭ ተጎድቷል። ክኒኑን እናቆማለን፤ ከእንግዲህ መድኃኒትዎ እንቅስቃሴ ነው» አለችኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወረቀት ላይ ትልቅ «ሀ» ጻፈችልኝ። ወረቀቱን በዓይኔ ትክክል ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ዓይኔን ከፊደሉ ሳልነቅል ጭንቅላቴን ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ከዚያ ላይና ታች። ቀጥሎ የክፍሉ ጥግ ገብቼ፣ ከፊቴ ወንበር አስቀምጬ፣ እግሬን ገጥሜ እቆማለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ።

በሦስተኛው ቀን ሻሼ ወልቆ፣ ጸጉሬ ተበትኖ፣ በ«ሀ» ላይ አፍጥጬ ጭንቅላቴን ሳወዛውዝ ዘነቡ በመስኮት አየችኝ። በሩን ከፍታ ገባች። ጠበል ይዛለች።

«በስመ አብ! ማነህ? ስምህን ተናገር!» ጠበሉ ፊቴ ላይ አረፈ።

«በላይነሽ ነኝ!»

«እሷን አይደለም፣ አንተን ነው!»

«ዘነቡ፣ የሐኪሟን የቤት ሥራ እየሠራሁ ነው!»

«እንዲህ እያልክ ነው የምታታልል! መቼ ነው የምትለቃት?»

ወደኋላ ስሸሽ ዞረብኝ። ወደቅሁ። «ጣላት! ሊለቃት ነው!» ብላ እልል አለች።

ጠበል አልጠላም፤ እጠመቃለሁ፣ እጠጣለሁም። ግን የታመመው ጆሮዬ ነው። ወድቄ እልል ሲባልብኝ ምን እንደተሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማታ ጥሩወርቅ ሰማችና ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠለችው። «ጋኔን ነው አልልም፣ እማዬ። ግን ስትሠሪው ይብስብሻል። በቃ ተቀመጪ።» ልጄ ላይ እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። «ወይ ወረቀቴን መልሺ፣ ወይ አንቺም ዘነቡም ሄዳችሁ ከሐኪሜ ጋር ተጣሉ!»

ሁለቱም በቀጠሮዬ ቀን አብረውኝ ሄዱ። ባለሙያዋ ጥሩወርቅን «ማዞሩ ይምጣ እንጂ!» አለቻት። «ትንሽ ካላዞራቸው አንጎላቸው በምን ይለምዳል? አረፍ ሲሉ ከበረደ ደግ ነው። የሚጎዳቸው መቀመጡ ነው።» ከዚያ ዘነቡን እንድትሞክረው ጋበዘቻት። ዘነቡ ጭንቅላቷን አምስት ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳታዞር ጠረጴዛውን ጨበጠች። «ወይኔ፣ ዞረብኝ!»

«ስምህን ተናገር» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ዘነቡ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ትቆምልኝ ጀመር፤ ሳትነካኝ፣ እጇን ዘርግታ ብቻ። ዓይኔን ጨፍኜ መቆም ስለምድ፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያደረግሁ ግድግዳውን እየዳበስኩ መራመድ ቀጠልኩ፤ ከዚያ ያለ ግድግዳ፣ ከዚያ ከግቢው ወጥተን፣ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ ዞር ብዬ እያየሁ፣ ምክንያቱም እየሄዱ ዞሮ ማየትም አንዱ ልምምድ ነው፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ በሁለት ወር ውስጥ ወለሉ ከእግሬ ሥር ጠነከረልኝ። አንድ ቅዳሜ ከዘራዬን ይዤ ብቻዬን እስከ አስፋልቱ ወርጄ ተመለስኩ። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አላባበልኳትም።

ሐኪሟንና ባለሙያዋን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ዘነቡንም፤ ብታጠምቀኝም ጀርባዬን ጠብቃለች። ልጄን አመሰግናለሁ፤ ስለ ቁልፉ ግን ገና ይቅር አላልኳትም።

እናንተ የዞረባችሁ፣ መጀመሪያ ተመርመሩ። ምላስ ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሩጡ፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። ልምምዱን እሳት አጠገብ አትሥሩ፤ ሰው ይኑር። በመጀመሪያው ሳምንት ስለባሰባችሁ አትተዉት። ክኒን ሰጥቶ ዓይናችሁን ሳያይ የሚሸኛችሁን ሰው ደግሞ «እየኝ እንጂ!» በሉት። እኔ ያን ቀን አፍሬ ዝም በማለቴ ሦስት ወር ተበላብኝ።

የምታስታምሙ ልጆች፣ እናታችሁ ስትንገዳገድ አይታችሁ አታስቀምጧት። ከኋላዋ ቁሙና ትሂድ።